ክርክር፦ «አሌግሮ» ይቅር ወይስ ይቆይ?

የፒያኖ ተማሪ፦ ሰላም ቤተሰብ። ለጀማሪዎች ስለ ባሮክ ሙዚቃ አጭር ማስታወሻ እያዘጋጀሁ ነው። በፈረንጆቹ ከ1600 እስከ 1750 ገደማ ያለውን ዘመን ማለቴ ነው፤ እንደ ቪቫልዲ፣ ሄንደል፣ ባኽ ያሉ የሙዚቃ ደራሲዎች የነበሩበትን። ገና አንደኛው ገጽ ላይ ቃላቱ ያዙኝ። አሌግሮ (ኖታ ላይ የአጨዋወቱን ፍጥነት የሚነግር የጣልያንኛ ቃል)፣ ኦክታቭ (ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት)፣ ፉጋ (አንዱ ዜማ እየተከታተለ የሚገባበት ድርሰት)... ልተርጉማቸው ወይስ እንዳሉ ልተዋቸው?

የቫዮሊን መምህርት፦ እንዳሉ ተዋቸው። ኖታው ላይ የታተመው «አሌግሮ» ነው። በአማርኛ ብቻ የተማረ ልጅ ወረቀቱን ሲከፍት ግራ ተጋብቶ ቁጭ ይላል።

ክራር ወዳጅ፦ እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጣልያንኛው ከሰማይ የወረደ አይደለም። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ኩፕራን በዚያው ዘመን በገዛ ቋንቋው ነው «በደስታ»፣ «በርኅራኄ» እያለ የጻፈው። ጀርመኖችማ የኖታ ስም እንኳ ለብቻቸው ነው። በዶ ሬ ሚ «ሲ» የምንላትን እነሱ «ሃ» ይሏታል፤ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ስትል ደግሞ «ቤ»። ባኽ ስሙን በአራት ኖታ ሊፈርም የቻለው በዚህ ነው፦ ቤ፣ አ፣ ሴ፣ ሃ (B-A-C-H)። ደግሞ አሌግሮ ማለት ደስተኛ ማለት ነው። «ፈጣን» ብሎ ብቻ የሸመደደ ልጅ ዝም ብሎ ይሮጣል።

የቫዮሊን መምህርት፦ ኩፕራን ቃሉ ነበረው። እኛ አለን? «ድምፅ»ን እይ። የሰውም ድምፅ፣ የመሣሪያም ድምፅ፣ ቅጥነቱም ድምፅ፣ ጩኸቱም ድምፅ። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ «ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ» አልኩ። ግማሹ ጮኸ፣ ግማሹ ወደ ላይኛው ኖታ ወጣ። ባሮክ ላይ ደግሞ ይብሳል። ሃርፕሲኮርድ (ፒያኖ የሚመስለው የዘመኑ መሣሪያ) ክሩን በላባ ቁራጭ ስቦ ነው የሚለቀው። ጣትህን ብታጠነክርም ጩኸቱ እምብዛም አይጨምርም። ይህን በአንዲት «ድምፅ» እንዴት ታስረዳዋለህ?

የዜማ ቤት ልጅ፦ እዚህ ጋ ልግባ። የቤተ ክርስቲያን ዜማ ምልክቶችን ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት እያልን ነው ያደግነው። ምልክቱም ስሙም አለን እኮ!

የፒያኖ ተማሪ፦ አለን፣ ወንድሜ። ግን የዜማውን አካሄድ ነው የሚነግሩን። አንዷ ኖታ ስንት ምት እንደምትቆይ አይቆጥሩልኝም። እኔ የቸገረኝ እሱ ነው። ለጊዜው «ስኬል»ን፣ ማለትም በቅደም ተከተል የሚወጡትን የኖታዎች መደዳ፣ «ቅኝት» ልለው አስቤያለሁ።

ክራር ወዳጅ፦ ኧረ በፍጹም! ለአማርኛ ስሟገት ብውልም ይህን አልቀበልም። ክራሬን ለትዝታ ቃኝቼ ባቲ ስፈልግ እንደገና እቃኛለሁ። ቅኝት ክሩን መወጠርም፣ የዜማው ጠባይም ነው። ባኽ በ1722 የጨረሰው የክላቪየር (ባለ ቁልፍ መሣሪያ) ድርሰቶች ስብስብ ደግሞ ሐሳቡ ተቃራኒው ነው። መሣሪያው አንዴ ይቃኛል፤ ከዚያ ከ12ቱም ኖታ እየተነሳ በሁለቱ የስኬል ዓይነቶች፣ በማጆርም በማይነርም፣ 24ቱን ይዞራል። «24 ቅኝት» ብለህ ብትጽፍ ልጁ ሰውዬው በየመሃሉ ክር ሲያጠብቅ የሚውል ይመስለዋል።

የቫዮሊን መምህርት፦ እሰይ! ዛሬስ ተስማማን።

የዜማ ቤት ልጅ፦ ፉጋን ግን «ሽሽት» በሏት። በላቲንም ትርጉሟ ያው መሸሽ ነው። አንዱ ድምፅ ዜማውን ይዞ ይሮጣል፣ ሌላው ያንኑ ዜማ ይዞ ይከተለዋል...

የቫዮሊን መምህርት፦ «ድምፅ» አልክ ደግሞ!

የፒያኖ ተማሪ፦ ሃሃ። እሺ፣ አሌግሮና ኦክታቭ ከነፍቺያቸው ይቆዩ። ስኬልም ስኬል ይባል። ለ«ድምፅ» ሙሉ ገጽ እሰጣታለሁ። ግን ፈተና ላይ «ሽሽት በዶ ማይነር» ብዬ ብጽፍ ማን ያርምልኛል?

የቫዮሊን መምህርት፦ እኔ ጋ እንዳታመጣው።