«ባለ ነጥብ ኖታ» ሲባል ነጥቡ ምን ያህል ይጨምራል?

አዘዞ፦ «ባለ ነጥብ ኖታ»ን አንዳንዱ «ትንሽ ረዘም የሚል ኖታ» ብሎ ይፈታዋል፤ ሌላው ነጥብ ድምፅን ያሳጥራል ይላል። የቱ ነው ልክ? በቤተ ክርስቲያን ዜማ «ይዘት» የሚባለው ምልክትስ ነጥብ አይደለም እንዴ?

ቀሃ፦ ወንድሜ፣ ነጥቡ የት እንደተቀመጠ እይ። ከኖታው ራስ በስተቀኝ ከሆነ የኖታውን ዋጋ ግማሽ ይጨምራል። ከራሱ በላይ ወይም በታች ከሆነ ስታካቶ ነው፤ ድምፁ ቶሎ ይቆረጣል፣ የቀረው ጊዜ ዝምታ ይሆናል።

«ትንሽ ረዘም» የሚለው ፍቺ ግን ተማሪ ያጠፋል፤ ልኩ የታወቀ ነውና። ሩብ ኖታ 1 ምት ሲሆን ግማሽ ኖታ 2 ነው፣ ከነነጥቡ 3። ሩብ ኖታ ከነነጥቡ አንድ ተኩል። ሁለተኛ ነጥብ ከተከተለ የሚጨምረው የመጀመሪያውን ነጥብ ግማሽ ብቻ ነው፤ ሩቡ አንድ ከሦስት አራተኛ ይሆናል። ኖታው መስመር ላይ ካረፈ ነጥቡ ከበላዩ ባለው ክፍት ቦታ ይጻፋል፤ መስመሩ ላይ ከተጻፈ አይታይም።

ዋናው ስህተት ባለ ነጥብ ስምንተኛና አስራ ስድስተኛ ሲከታተሉ ነው። 3 ለ 1 መሆን ያለበት 2 ለ 1 ይሆናል። በእኔ ግምት ጆሯችን የ6/8ን ችክችካ ስለለመደ ወደዚያው ይጎትተዋል። መድኃኒቱ ምቱን ለአራት መክፈል ነው። በአንድ ጭብጨባ «ያ-ሬ-ዳ-ዊ» በሉ፣ አራቱም እኩል ይሁኑ። ከዚያ ረጅሙን ኖታ «ያ» ላይ ጀምራችሁ እስከ «ዳ» ያዙት፣ አጭሩን «ዊ» ላይ ጣሉት። ቀስ ብሎ ካልተሠራ ፍጥነት ሲጨመር መልሶ ይበላሻል።

በ6/8 ደግሞ ምቱ ራሱ ባለ ነጥብ ሩብ ኖታ ነው፤ በአንድ ባር (በሁለት ቋሚ መስመሮች መካከል ባለው ክፍል) ሁለት ምት፣ እያንዳንዱ ሦስት ስምንተኛ።

አንገረብ፦ ይዘት በነጥብ መጻፉ እውነት ነው፣ ርክርክም የተደረደሩ ነጥቦች ነው። ነገር ግን ይዘት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ጭረት፣ ቁርጥና ደረት የድምፁን አካሄድ ያመለክታሉ እንጂ ምት አይቆጥሩም። በትውፊት በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ለነበሩት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል የሚሰጡ ምልክቶች ናቸው። ልኩን ተማሪው የሚይዘው ከየኔታው አፍ ነው፤ ምቱ ጎልቶ የሚወጣው በአቋቋም (በዝማሜና በሽብሸባ በሚቀርበው ዝማሬ)፣ በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ ነው። እዚህ ጎንደር የበዓታ ቤተ ክርስቲያን የሚታወቀው በዚሁ በአቋቋሙ ነው። ስለዚህ ይዘትን «ባለ ነጥብ ኖታ» ብሎ መተርጎም ሁለቱንም ያበላሻል።

አዘዞ፦ እግዜር ይስጥልኝ የኔታ። ዕረፍትም ነጥብ ይቀበላል?

ቀሃ፦ ይቀበላል፣ ሒሳቡም ያው ነው። ነጥብ የማይሠራው ድምፁ የባሩን መስመር ሲሻገር ነው። በ4/4 አራተኛው ምት ላይ የጀመረ ድምፅ አንድ ተኩል ምት እንዲቆይ ከተፈለገ፣ ሩብ ኖታ ይጻፍና ከቀጣዩ ባር ስምንተኛ ኖታ ጋር በቅስት ይታሰራል፤ ሁለተኛው ዳግም አይመታም።