ቅቤው ወተቱ ውስጥ የት ተደብቆ ነው?

ጥያቄ፦ እርጎው ነጭ፣ ቅቤው ቢጫ! ከየት ይመጣል? ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ሲበረታ ደግሞ ሁለት ሰዓት ተንጦም አልወጣ ይላል።

መልስ፦ እህቴ፣ ቅባቱ በዓይን በማይታዩ ጠብታዎች ተበትኖ ነው ያለው። እያንዳንዷ ጠብታ ስስ ሽፋን አላት፤ ሲናጥ ሽፋኑ ይቀደድና ቅባቱ እርስ በርሱ ይጣበቃል። በብርድ ግን ይደድራል፣ አይያያዝም። ማሰሮውን ለብ ያለ ውሃ በያዘ ሳፋ ውስጥ አቁሚው፤ እርጎው 18 ዲግሪ አካባቢ ይድረስ። ፍል ውሃ እንዳትጨምሪበት! ቅቤው ይላላና ብዙው ከአሬራው ጋር ይቀራል።

መልስ፦ እስከ አፉ ተሞልቶም እንዳይሆን። ከግማሽ አይለፍ፣ መንቦጫረቂያ ይፈልጋል። በአንገቱ ቀዳዳ ስንደዶ ስደጂ፤ ጥቃቅን ፍሬ ይዞ ከወጣ ደርሷል።

መልስ፦ ቢጫው ከለምለሙ ሳር ነው። ገለባ ብቻ የበላች ላም ቅቤዋ ይነጣል።