የመሀል ከተማ አዳዲስ ሕንፃዎች፦ የንድፍ ጥራት በምን ይለካል?

«እግረኛ» ጠየቀ፦

ጤና ይስጥልኝ። በምኖርበት ከተማ መሀል ሁለት ረጃጅም ሕንፃዎች ሊሠሩ ታስቦ ንድፋቸው ለሕዝብ አስተያየት ቀርቧል። በውይይቱ ላይ ተገኝቼ ነበር። ከሁለት ሰዓት በላይ የፈጀው ክርክር ግን ከ«ያምራል» እና «አያምርም» አላለፈም፤ አንዱ ወገን ከተማችን ዘመነች ብሎ ሲያጨበጭብ፣ ሌላው የነባሩ ሰፈር መልክ ጠፋ ብሎ ሲያዝን ቆይቶ፣ በመጨረሻ መድረኩን ይመሩ የነበሩት ሰው «ለአንዱ ያማረ ለሌላው ላያምር ይችላል፤ በዚህ ላይ ተከራክሮ መግባባት አይቻልም» ብለው ስብሰባውን ዘጉት።

ይህ መልስ አላረካኝም። ልብስ ያልወደደ ሰው አለመግዛት ይችላል፤ ሕንፃን ያልወደደ ግን በየቀኑ ከሥሩ ያልፋል፣ ጥላው ያርፍበታል፣ ከልጆቹም ዕድሜ በላይ አብሮት ይኖራል። የተለጠፉትን ሥዕሎች ደጋግሜ አየኋቸው። ሁሉም የአመሻሽ ሥዕሎች ናቸው፤ መስታወቱ ከውስጥ በርቶ ወርቅ መስሏል፣ ሰማዩ ወይን ጠጅ ነው፣ ከፊት ለፊት ቀጫጭን ሰዎች ቦርሳ አንጠልጥለው ይራመዳሉ። የታዩበት ቦታ ግን ከወፍ በቀር ማንም ሊደርስበት የማይችል ከፍታ ነው። በእግሬ ስደርስ ምን እንደሚጠብቀኝ የሚነግረኝ አንድም ሥዕል አላገኘሁም።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ አርክቴክት ያልሆነ ነዋሪ ስለ አንድ ሕንፃ ንድፍ ለመናገር የሚያስችለው፣ ከግል ምርጫ የዘለለ መለኪያ አለ ወይ? ካለስ ከቀረበው ሰነድ የትኛውን ገጽ ቀድሜ ልመልከት? የጽሑፍ አስተያየት የማስገቢያው ቀን ገና ስላላለፈ መልሳችሁን በጉጉት እጠብቃለሁ።

«ማስመሪያ» መለሰ፦

አርክቴክት ነኝ፤ እርስዎ የገለጿቸውን ዓይነት የአመሻሽ ሥዕሎች እኔም ብዙ ጊዜ አሠርቻለሁ፤ ስለዚህ ከእነሱ ልጀምር። መስታወት ጥርት ብሎ ውስጡን የሚያሳየው ከውጭ ይልቅ ውስጡ ሲበራ ብቻ ነው። በቀን ውጭው እጅግ ብሩህ ስለሆነ ያው መስታወት ጠቆር ብሎ ሰማዩንና ጎረቤት ሕንፃውን መልሶ ያሳያል። በሥዕሉ ላይ የወደዱት «ብርሃን ያሳለፈ» ሕንፃ በቀን ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ የሚገኝ ሕንፃ ነው ማለት ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄዎ፣ በእኩለ ቀን፣ ከእግረኛ መንገዱ ላይ፣ በሰው ዓይን ከፍታ የታየ ሥዕል እንዲቀርብ ይሁን። ሞዴሉ በኮምፒዩተር ላይ ተሠርቶ የተቀመጠ ስለሆነ የዕይታውን ቦታ መለወጥ ብዙ ሥራ አይደለም፤ የሚያቅማማ ካለ ምክንያቱን መገመት አያዳግትም።

ቀጥለው የምድር ወለሉን ፕላን ይፈልጉ። ሰው በመንገድ ሲሄድ አንገቱን አቅንቶ ሠላሳኛ ፎቅ አያይም፤ የሚያየው የመጀመሪያዎቹን አምስት ስድስት ሜትሮች ነው። የዴንማርኩ አርክቴክት ያን ጌል ለአሥርት ዓመታት ሲከራከርበት የኖረው ይህንኑ ነው፤ በእሱ መለኪያ በየ100 ሜትሩ ከ15 እስከ 20 በሮች ያሉት የመንገድ ዳር ለእግረኛ ሕያው የሚባል ነው። ጣትዎን በፕላኑ ጠርዝ ላይ አስይዘው እየሄዱ በሮቹን ይቁጠሩ። የመኪና መግቢያው፣ የትራንስፎርመሩ ክፍል፣ የጄኔሬተሩ ጭስ መውጫና የቆሻሻ መጫኛው ወዴት እንደዞሩም ይዩ። እነዚህ ለማንኛውም ሕንፃ የግድ ናቸው፤ የነዳፊው ችሎታ የሚታየው ግን ዋናውን መንገድ ሳይነኩ እነሱን የሚያስቀምጥበትን ቦታ በማግኘቱ ላይ ነው።

ሦስተኛው ትንሽ ነገር ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምመለከተው እሱን ነው። ሰነዱ ውስጥ የግድግዳው ዝርዝር ሴክሽን (ግድግዳው ተቆርጦ ውስጡ የሚታይበት ሥዕል) ካለ የመስኮቱን ደፍ ይፈልጉ። ደፉ ከግድግዳው ወጣ ብሎ፣ ከሥሩ የውሃ ጠብታ የሚቆርጥ ቀጭን ቦይ ሊኖረው ይገባል። ቦዩ ከሌለ የዝናቡ ውሃ በደፉ ሆድ ተንሸራትቶ ወደ ግድግዳው ይመለስና አቧራውን እየጎተተ ይወርዳል፤ ጥቂት ክረምት ካለፈ በኋላ ከእያንዳንዱ መስኮት ሥር ጥቁር የእንባ መስመር ይሠራል። ድንጋይ የተለበጠ ሕንፃ ከሆነ ደግሞ ማእዘኑን ይመልከቱ፤ ልባጡ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሰሌዳ ስለሆነ፣ ሁለቱ ሰሌዳዎች በሚገናኙበት ቦታ አንደኛው ጎኑን አጋልጦ ከታየ ያ ሁሉ ግርማ ሞገስ ካርቶን ይመስላል። ከዓመታት በፊት እኔው የነደፍኩት አንድ ሕንፃ ላይ ቦዩ ወጪ ለመቀነስ ተብሎ ሲሰረዝ አጥብቄ ሳልከራከር ቀረሁ፤ ዛሬ በዚያ መንገድ ሳልፍ ማዶውን ይዤ ነው የምሄደው።

«ካሬ ሜትር» መለሰ፦

ማስመሪያ የጻፉትን አልቃወምም፤ ሆኖም ከአልሚው ወገን ያለውም ነገር ይሰማ። የምሠራው ሕንፃ አስገንብቶ በማከራየት ሥራ ላይ ነው።

በሮቹን እንውሰድ። አሥራ አምስት በር ማለት አሥራ አምስት ተከራይ፣ አሥራ አምስት ውል፣ አሥራ አምስት ቆጣሪ ማለት ነው። የምድር ወለሉን በሙሉ ለብዙ ዓመት የሚከራይ አንድ ባንክ ሲመጣ፣ አበዳሪዬም ሆነ ሸሪኮቼ የትኛውን እንድመርጥ እንደሚፈልጉ ለመናገር አልቸገርም። ባንኩ ደግሞ ግንባሩን በሙሉ በመስታወት ዘግቶ በላዩ ላይ ማስታወቂያ ይለጥፍበታል። ይህን የምለው ትክክል ነው ለማለት አይደለም። ደንቡ በመንገዱ ላይ ያለን አልሚዎች ሁሉ እኩል ቢያስገድድ እኔም በደስታ እከተላለሁ፤ ብቻዬን ባደርገው ግን ጎረቤቴ ባንኩን ይወስድብኛል። ስለዚህ እርስዎ በአንድ ሕንፃ ላይ አስተያየት ከመስጠት በተጨማሪ ደንቡ ምን እንደሚል ቢጠይቁ የተሻለ ነው።

ሁለተኛ ነገር ላክል። አሳንሰሩ፣ ደረጃው፣ መጸዳጃውና የቧንቧው መውረጃ ያሉበት የሕንፃው እምብርት አይከራይም፤ ስለዚህ አልሚ ሁሉ እምብርቱን አጥብቦ ወለሉን ማስፋት ይፈልጋል። የቀን ብርሃን ግን በደንብ የሚዘልቀው ከመስኮቱ ቁመት ሁለት እጥፍ ወይም ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ነው፤ መስኮቱ ከወለሉ 2.8 ሜትር ላይ ቢያበቃ፣ ብርሃኑ 7 ሜትር ግድም ገብቶ ያልቃል ማለት ነው። ከመስኮቱ እስከ እምብርቱ 15 ሜትር የሆነ ወለል ካዩ፣ ግማሹ ሠራተኛ በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርቶ እንደሚሠራ ይወቁ። ይህን ለማወቅ ማስመሪያና የፕላኑ ስኬል ብቻ ይበቃል።

ደግሞም ንድፍ የሚበላሸው በአብዛኛው ፈቃድ ከተሰጠ በኋላ ነው። በፈቃዱ ላይ ግራናይት የነበረው በሥራው መሀል ቀለም ይሆናል፤ ሁሉም እቃ «ተመሳሳይ» በሚባል ሌላ እቃ ይተካል። አስተያየትዎ ላይ፣ ከሥራው በፊት የግድግዳው አንድ ክፍል በሙሉ መጠኑ በቦታው ላይ ተሠርቶ ይታይና ይጽደቅ የሚል አንቀጽ እንዲገባ ይጠይቁ። ወጪው ከጠቅላላው ሥራ አንጻር ሲታይ ኢምንት ነው፤ ከዚያ በኋላ እቃ መቀየር ግን ያሳፍራል።

«ቴርሞሜትር» መለሰ፦

እኔ የሕንፃ ሜካኒካል መሐንዲስ ስለሆንኩ ስለ መስታወቱ ብቻ እናገራለሁ። አራቱም ጎኑ አንድ ዓይነት የሆነ ሕንፃ ሳይ የነደፈው ሰው ኮምፓስ እንዳልያዘ ይገባኛል፤ ፀሐይ በአራቱም አቅጣጫ እኩል አትመታም። ጥሩ የሚባለው ድርብ መስታወት እንኳ በሚገባ ሙቀት እንዳያሳልፍ ከተሠራ ግድግዳ ጋር ሲነጻጸር አራትና አምስት እጥፍ ሙቀት ያሳልፋል፤ በቀጥታ የሚገባው የፀሐይ ጨረር ደግሞ ሌላ ነው። በጠዋትና በማታ ፀሐይ ዝቅ ብላ ስትመጣ ከላይ የተዘረጋ አግድም ጥላ አይመክታትም፤ ለምሥራቅና ለምዕራብ ጎን ቋሚ ጥላ ወይም ጠበብ ያለ መስኮት ያስፈልጋል። ንድፉ ላይ ምሥራቁና ደቡቡ ልዩነት ከሌላቸው ልዩነቱን የሚከፍለው የማቀዝቀዣው ቆጣሪ ነው።

ቅርጽ ለመልክ ብቻ ሲመረጥ ምን እንደሚከተል ለንደን አሳይታለች። ራፋኤል ቪኞሊ የነደፈው፣ በ20 ፌንቸርች ስትሪት ያለው ሕንፃ ወደ ውስጥ የጎበጠ የመስታወት ፊት ስላለው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ገና በግንባታ ላይ ሳለ የፀሐይን ጨረር እንደ ማጉያ መነጽር አሰባስቦ መንገድ ዳር የቆመ መኪና አካል አቀለጠ። ኋላ ላይ ፊቱ ላይ የፀሐይ መከለያዎች ተገጠሙለት። ነፋስም እንደዚሁ ነው፤ ሰፊ ጠፍጣፋ ፊት ያለው ማማ ከላይ የመታውን ነፋስ ወደ ታች ይሰደውና እግረኛው ላይ ይለቀዋል። ማማው ሰፋ ካለ ዝቅተኛ ሕንፃ ላይ ወደ ኋላ ገባ ብሎ ከተቀመጠ ነፋሱ እዚያው ጣሪያ ላይ ይሰበራል። በእንግሊዝ ሊድስ ከተማ ብሪጅዋተር ፕሌስ በተባለው ማማ ሥር እ.ኤ.አ. በ2011 ነፋስ የገለበጠው የጭነት መኪና አንድ እግረኛ ገድሏል። ስለዚህ የነፋስ ጥናቱን መጠየቅ ቅንጦት አይደለም።

አንድ ነገር ግን ለማስመሪያ ልተውላቸው። የቦስተኑ ጆን ሀንኮክ ማማ በ1970ዎቹ መስታወቶቹ እየተላቀቁ ወደ መንገድ ወድቀው 10,344ቱም እንዲቀየሩ ሆኗል፤ ይኸው ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ2011 ከአሜሪካ አርክቴክቶች ተቋም ለዘመን ተሻጋሪ ንድፍ የሚሰጠውን ሽልማት አግኝቷል። እኔ መሐንዲስ ነኝና ሽልማቱ እስካሁን አልገባኝም።

«ማስመሪያ» መለሰ፦

የተሸለመው መልኩና በጎኑ ያለችውን አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ሳይጋፋ የቆመበት መንገድ ነው፤ በማማው መስታወት ላይ ቤተ ክርስቲያኒቱ ተመልሳ ስትታይ ያየ ሰው ይረዳዋል። ስለ መስታወቱ ግን ከርስዎ ጋር አልከራከርም።

«እግረኛ» ጻፈ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ የምድር ወለሉን ፕላን አትሜ ቁጭ አልኩ። የአንደኛው ሕንፃ የመንገድ ግንባር በስኬሉ መሠረት 84 ሜትር ነው፤ ያሉት በሮች ሦስት ናቸው፤ ከሦስቱ አንዱ የመኪና መውረጃ ነው። በሥዕሉ ላይ ሰዎቹ የሚራመዱበት ያ ውብ ግንባር ለካ ባዶ መስታወት ኖሯል።

አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። በሰነዱ ላይ ከሕንፃው ፊት 900 ካሬ ሜትር «ለሕዝብ ክፍት የሆነ አደባባይ» እንደሚኖርና በዚህ ምክንያት ተጨማሪ ፎቆች እንዲፈቀዱ መጠየቁ ተጽፏል። ይህ ለእኛ ጥሩ ልውውጥ ነው?

«የወንበር ቆጣሪ» መለሰ፦

በከተማ ፕላን ሥራ ላይ ስለቆየሁ ይህን ልውውጥ በሚገባ አውቀዋለሁ፤ በሰፊው የተሞከረው በኒው ዮርክ ነው። እዚያ በመጀመሪያ የነበረው ደንብ እ.ኤ.አ. የ1916ቱ ሲሆን፣ መንገዱን በጥላ የዋጡ ሕንፃዎች ስለበዙ ሕንፃው ከፍ ባለ ቁጥር ደረጃ በደረጃ ወደ ኋላ እንዲገባ ያስገድድ ነበር። አርክቴክቱ ሚስ ቫን ደር ሮ ከፊሊፕ ጆንሰን ጋር የነደፈው የሲግራም ሕንፃ በ1958 ሲጠናቀቅ ከመንገዱ በሰፊው አፈግፍጎ ፊቱን ለግራናይት አደባባይ ስለተወ ብዙዎችን ማረከ፤ በ1961 የወጣው ደንብም አደባባይ ለሚተው አልሚ ተጨማሪ የወለል ስፋት ይሰጥ ጀመር።

ደንቡ አደባባይ ይኑር አለ እንጂ ሰው ይቀመጥበት አላለም። አልሚዎቹ ቦታውን ሰጡ፤ ብዙዎቹ የሰጡት ግን ፀሐይ የማይደርስበት፣ ነፋስ የሚጠርገው፣ ጠርዙ ላይ ሰው እንዳይቀመጥ ሹል ብረት የተተከለበት ድንጋይ ነበር። ዊልያም ኋይት የተባለው ተመራማሪ በ1970ዎቹ ካሜራ ሰቅሎ እነዚህን ቦታዎች ለወራት ሲመለከት ቆይቶ የደረሰበት ነገር ልጅም ሊገምተው የሚችል ነው፤ ሰዎች የሚቀመጡት መቀመጫ ባለበት ነው። በ1975 ደንቡ ተሻሽሎ ለእያንዳንዱ 30 ስኩዌር ፊት አደባባይ አንድ ፊት ርዝመት መቀመጫ እንዲኖር ታዘዘ፤ በሜትር ብናሰላው ለ2.8 ካሬ ሜትር 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። እስከ 2000 በዚህ መንገድ የተገኙትን ከ500 በላይ ቦታዎች የመረመረ ጥናትም ከአሥሩ አራቱ ያህሉ ለሕዝብ እምብዛም የማይጠቅሙ ሆነው አግኝቷቸዋል።

ስለዚህ ልውውጡ ጥሩ የሚሆነው የሚሰጠው ነገር በቁጥር ተጽፎ ሲገኝ ነው። ተጨማሪ ፎቆቹ ሕንፃው እስካለ ድረስ ይኖራሉ፤ አደባባዩ ግን አጥርና ጥበቃ እስኪመጣበት ድረስ ብቻ ሊቆይ ይችላል። ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ክፍት ነው? የሚያጸዳውና ዛፎቹን የሚያጠጣው ማን ነው? ዛፎቹስ የሚተከሉት ከፓርኪንጉ ጣሪያ በላይ ባለው አፈር ላይ ከሆነ የአፈሩ ጥልቀት ስንት ነው? በእኩለ ቀን ፀሐይ ያገኛል ወይስ የራሱ ሕንፃ ጥላ ይውጠዋል? ለ900 ካሬ ሜትር በኒው ዮርኩ ስሌት ከሄድን ወደ 100 ሜትር የሚጠጋ መቀመጫ ያስፈልጋል። ሁሉም አግዳሚ ወንበር መሆን የለበትም፤ የአበባ መደብ ጠርዝም ደረጃም ለመቀመጫ በሚመች ከፍታና ስፋት ከተሠራ ይቆጠራል። ፕላኑ በእጅዎ ስላለ ይለኩት።

«እግረኛ» ጻፈ፦

ለካሁት። አግዳሚ ወንበሮቹ አራት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 2 ሜትር፤ በድምሩ 8 ሜትር። የአበባ መደቡን ጠርዝ ልጨምር ብዬ ከፍታውን ስፈልግ 1.1 ሜትር የሚል ተጽፎ አገኘሁ፤ እኔ ብሆን ልቀመጥበት መሰላል ያስፈልገኛል። በሩንም፣ ወንበሩንም፣ የወለሉንም ጥልቀት በቁጥር ዘርዝሬ አስተያየቱን ዛሬ ጽፌ ጨርሻለሁ፤ «ያምራል» ወይም «አያምርም» የሚል ቃል አንድም ቦታ አላስገባሁበትም።