የ1981 ሃይሉክስ ጋቢና ዝገት፦ ይበየድ ወይስ ይቀየር?

ሐይቅ ዳር
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው የ1981 (በፈረንጅ) ቶዮታ ሃይሉክስ ነው፣ ናፍጣ፣ ነጠላ ጋቢና። ሞተሩና ሻንሲው ደህና ናቸው። ለዓመታት ከአፍዴራ በሚሌና በባቲ በኩል ጨው ሲያመላልስ ስለኖረ ጋቢናው ተበልቷል። በሹፌሩ በኩል የእግር ማረፊያው ወለል እጅ ያስገባል፤ ከበሩ ስር ያለው ደፍ በሁለቱም በኩል ተቦርቡሯል፤ የፊት መስታወቱ ታችኛው ጥግ ላይ ቀለሙ አብጦ ዝናብ ሲመጣ ውሃ ወደ ውስጥ ያንጠባጥባል። ቀዳዳውን በስቱኮ (በሚለጠፍ የመሙያ ሊጥ) ሞልተን እንቀባዋለን የሚሉኝ አሉ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ጋቢና ፈልግ የሚሉኝም አሉ። የቱ ያዋጣል?

ባትላሜራ ኮምቦልቻ
አብሽር ወንድሜ፣ ወለልና ደፍ ብቻ ከሆነ ጋቢና አይቀየርም። የሚወስነው የመስታወቱ ስር ነው። መስታወቱን ከነጎሚኒው አውጣና ያበጠውን ቀለም ፍቀህ ብረቱን በካቻቢቴ ጫን እያልክ ውጋው። ጠንክሮ ከመለሰልህ ዝገቱ ላይ ላዩን ነው። ከገባ ግን ወደ ታች ተከተለው፤ የበሩ ማጠፊያ የታሰረበትን ምሰሶ ከላይ እስከ ታች ፈትሽ። ምሰሶው ከማጠፊያው በላይም በታችም ከተበላ በሩን የሚሸከም ነገር ስለሌለ ያኔ መቀየር ይሻላል። ማግኔትም ይዘህ ዙረው፤ የማይይዝበት ቦታ ሁሉ ስሩ የድሮ ስቱኮ ነው።

በስቱኮ እንሙላው ለሚሉህ እሺ አትበል። ስቱኮ ውሃ ይመጥጣል፤ ቀዳዳ ላይ ሲሞላ ደግሞ ከጀርባው እርጥበት ያገኘዋል፣ የደሴ ክረምት ሲገባ አብጦ ይነሳል። ቦታው ከብየዳ በኋላ ነው፣ ለማስተካከያ ብቻ፣ ቢበዛ ከ2 እስከ 3 ሚ.ሜ።

ለብየዳው ባትሪው ይፈታ፣ መቀመጫና ምንጣፍ ይውጣ፣ የነዳጅ ቱቦው ካለበት ይራቅ። በሮቹ እንደተሰቀሉ በበሩና በምሰሶው መካከል ያለውን ክፍተት ዙሪያውን ለክተህ ጻፍ። ከዚያ 25 በ25 ሚ.ሜ ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን ብረት ቱቦ) ከፊት ምሰሶ እስከ ኋላ ምሰሶ፣ ደግሞም ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከውስጥ በኩል አስይዝ፤ በሩ እየተከፈተ መዘጋት እንዲችል አድርገህ ነው ታዲያ። ይህ ሳይደረግ ደፉ ከተቆረጠ ጋቢናው ወገቡ ላይ ይጎብጥና በሩ ሁለተኛ አይገጥምም። ሁለቱን ደፍ በአንድ ጊዜ የሚያስቆርጥህ ሰው ካለ አስቁመው፤ አንዱ ጎን ተበይዶ፣ ክፍተቱ ተለክቶ ነው ወደ ሌላው የሚኬደው።

ላሜራው ጥቁር፣ ማለትም ዚንክ ያልተለበጠ ይሁን፦ ለወለልና ለደፍ 1.2 ሚ.ሜ፣ ለመስታወቱ ስር 0.8 ወይም 1 ሚ.ሜ። የቤት ቆርቆሮ እንዳይለጥፉብህ፤ ቀጭን ከመሆኑም በላይ ዚንኩ ሲቃጠል ጭሱ ይጎዳል፣ ብየዳውንም ያቦረቡረዋል። ዝገቱ ካለቀበት 3 ሴ.ሜ አልፎ ንጹህ ብረት ላይ ይቆረጥ። ብየዳው በሲኦቱ (ሽቦ በሚመግበው የጋዝ መከላከያ ብየዳ)፣ በ0.8 ሚ.ሜ ሽቦ። በኤሌክትሮድ ስስ ላሜራ ይበሳል፤ በጋዝ ነበልባል ደግሞ ሙቀቱ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ ይጣመማል። በየ3 ሴ.ሜው ነጥብ ነጥብ እየተደረገ፣ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ፣ እጅ የሚያስነካ ያህል እየበረደ ይሞላ። በአንድ ትንፋሽ መስመር የሚጎትት በያጅ ላሜራውን ያጨማድደዋል።

የወልድያ መካኒክ
ከላይ ባለው እስማማለሁ። መቀየሩ ግድ ከሆነ ግን ወደ ሶማሌ ተራ ባዶ እጅህን አትሂድ። የመስታወቱን ቁመትና ወርድ፣ የማርሽ ዘንጉን ቀዳዳ ቦታ፣ ጋቢናው ሻንሲው ላይ የሚታሰርባቸውን ቡሎኖች ርቀት በሜትር ለክተህ ያዝ። ሃይሉክስ በ1983 ሞዴሉ ተቀይሯል፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን "ያው ነው" ሲሉህ አትቀበል። ከቀኝ መሪ መኪና የወጣ ጋቢናም የመሪው፣ የፔዳሉና የማስተር ሲሊንደሩ ቀዳዳ በሌላ ወገን ስለሆነ ዋጋው ቢረክስም ተወው። የተገለበጠ መኪና እንዳይሆን የግራና የቀኝ በር ክፍተቶችን ጥግ ለጥግ ለክተህ አስተያይ፤ ከ5 ሚ.ሜ በላይ ከተለያዩ አትግዛው።

ሲወርድ ቡሎኖቹ በዋዜማው ዝገት ማስለቀቂያ ይጠጡ። የፍሬንና የፍሪሲዮን ቱቦ፣ የመሪ መገጣጠሚያ፣ የጋዝ፣ የእጅ ፍሬንና የኪሎ ሜትር ኬብል፣ የመብራት ሽቦ፣ ከሻንሲው ጋር የሚያያዘው የምድር ሽቦ፣ ሁሉም ሳይፈታ ሰንሰለት አይሳብ። የምድር ሽቦው በብዛት ይረሳል። በጋቢናውና በሻንሲው መካከል የሚቀመጡት የጋቢና ጎማዎች በአዲስ ይተኩ፤ አንዱ ከተደፈጠጠ ጋቢናው ይዘምና መስታወቱ ከጥጉ ይሰነጠቃል።

ሌላው ሊብሬው ነው። ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር እንዳለ ይቀራል፤ ጋቢናው ላይ ያለችው የመለያ ሰሌዳ ግን ከአሮጌው ጋር ትሄዳለች። ስለዚህ ሳትገዛ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ጠይቅ፣ የግዢ ደረሰኝም ያዝ።

ሐይቅ ዳር
እናመሰግናለን ወንድሞቼ። ወጋሁት። የሹፌሩ ምሰሶ ጤነኛ ነው። በሌላው በኩል ከታችኛው ማጠፊያ በታች አራት ጣት ያህል ገባ፣ ከዚያ በላይ ጠንካራ ነው። የመስታወቱ ስር በግራ ጥግ ብቻ ተበስቷል።

ባትላሜራ ኮምቦልቻ
እንግዲያው ይበየዳል። የምሰሶው ታች ሁለት ድርብ ነው፤ የውጩን ብቻ ለጥፈው እንዳይሸኙህ። የውጩ ተከፍቶ፣ የውስጡ በ1.2 ተሠርቶ፣ ዚንክ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ) ተቀብቶ ነው የውጩ የሚዘጋው። በሩ በሥራው ሁሉ ከላይኛው ማጠፊያ እንዳይወርድ።

ጦሳ ስር
ቀለም ላይ ጥቂት ልጨምር። ጨው የነካው ብረት ቀለም ከመንካቱ በፊት በንጹህ ውሃ ደጋግሞ መታጠብና ፀሐይ ላይ መድረቅ አለበት፤ ጨው ስሩ ከቀረ ቀለሙን ከታች ይፈነቅለዋል። ከዚያ ባዶ ብረቱ ላይ ኢፖክሲ ፕራይመር፣ በላዩ ስቱኮ፣ ከዚያ ቀለም። የመገጣጠሚያ ማሸጊያውም የመኪና ይሁን። ኮምጣጤ የሚሸተው የመስኮት ሲሊኮን አሲድ ስላለው ራሱ ያዝጋል፣ ቀለምም አይቀበልም።

አዲሱ ደፍ ስር በእያንዳንዱ ጫፍ 8 ሚ.ሜ ቀዳዳ ይተው፤ የድሮው የተበላው ጭቃ ዘግቶበት ውሃው የሚወጣበት ስላጣ ነው። ብየዳው ውስጥ ውስጡን ፕራይመሩን ስለሚያቃጥል፣ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ በቀዳዳዎቹ በኩል ሰም ወይም በዘይት የቀጠነ ግራሶ አስረጭበት፤ ከታች መንጠብጠብ ሲጀምር ደርሷል ማለት ነው። ቀዳዳዎቹን ከክረምት በፊትና በኋላ በሽቦ ጥረጋቸው።