ለወገቤ ብዬ ዮጋ ጀምሬ አቋረጥኩ፤ በሥራ ቀን መሀል እንዴት ላስገባው?

ጥያቄ፦ የጀጎል ሰፊ (ሐረር)

ሰላም ለሁላችሁ። ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባለው የሰፊዎች መንገድ ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከጧቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ማታ አሥራ ሁለት የስፌት መኪና ላይ አጎንብሼ እውላለሁ። የኢድ፣ የፋሲካና የሠርግ ሰሞንማ ማምሸትም አለ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ወገቤንና ማጅራቴን ያመኛል። ሐኪም ጋ ሄጄ "አጥንትህ ደህና ነው፣ እንቅስቃሴ አድርግ" ተባልኩ። ምን ዓይነት እንቅስቃሴ እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም።

አንዲት ደንበኛዬ ስለ ዮጋ ነገረችኝና ከዩቲዩብ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ይዤ ጀመርኩ። አራት ቀን ሠራሁ። በአምስተኛው ቀን ወገቤ ላይ ጉልበቴም ተጨምሮ አመመኝ፤ ተውኩት። ቤቴ አንድ ክፍል ነው። ከአልጋው የሚተርፈው ቦታ አንድ ሰሌን ያህላል። እናቴ ደግሞ ዓይኔን ጨፍኜ ስቀመጥ አይታ "ይሄ የባዕድ አምልኮ ነው" ብላ ከፋት። እሷን ማስቀየም አልፈልግም። ሌላው፣ ሥራ ላይ ሐሳቤ አይሰበሰብም። እጄ ይሰፋል፣ ልቤ የቤት ኪራይ ያሰላል። ለዚህም ይረዳል ይላሉ። ከየት ልጀምር?

የድሬ ፊዚዮ (ድሬዳዋ)

ወንድሜ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። እንዳንተ ተቀምጠው የሚውሉ ሰፊዎችና ሹፌሮች ብዙ ይመጡልኛል። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበልህ። ሕመሙ ወደ እግርህ የሚወርድ ወይም እግርህን የሚያደነዝዝ ከሆነ ሁሉንም ተወውና ሐኪም ዘንድ ተመለስ። ሽንትህን መቆጣጠር ካቃተህ ወይም መቀመጫህ አካባቢ ከደነዘዘ ለነገ አትበል፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂድ።

እነዚህ ከሌሉብህ የጎዳህ አንድ ሰዓቱ ይመስለኛል። ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ የዋለ ወገብ ማታ ደግሞ "ጎንበስ ብለህ የእግር ጣትህን ንካ" ሲሉት እሺ አይልም። አንተ የሚያስፈልግህ ወደ ኋላ የሚዘረጋህ ነው።

ሰሌንህ ላይ ጋቢ አጣጥፈህ ጉልበትህ ሥር አድርግ፤ የሲሚንቶ ወለል ጉልበት ያሳምማል። በእጅና በጉልበትህ ቁም። አየር ስታስገባ ሆድህን ወደ ታች ልቀቀው፣ ደረትህን ክፈት። ስታስወጣ ጀርባህን እንደተቆጣች ድመት ወደ ላይ አጉብጠው። በዝግታ 8 ጊዜ። ዮጋ የሚያስተምሩት "ድመትና ላም" ይሉታል። ከዚያ በሆድህ ተኛና በክንዶችህ ተደግፈህ ደረትህን ብቻ ከፍ አድርግ፤ እምብርትህ ከሰሌኑ አይነሳ። 3 ትንፋሽ ቆይተህ ውረድ፣ ድገመው። መጨረሻ ላይ በጀርባህ ተኝተህ እግሮችህን ከጉልበት አጥፈህ አልጋው ላይ ስቀል። 3 ደቂቃ ያህል ዝም ብለህ ተንፍስ።

በቃ። ሁሉም 10 ደቂቃ አይሞላም። በልተህ ከሆነ ሁለት ሦስት ሰዓት ጠብቅ። በጭንቅላት መቆም የሚሉትን አትሞክር። የደም ግፊት ወይም የዓይን ግፊት ያለበት ሰው ይሄን ካነበበም ጭንቅላት ወደ ታች የሚሆንበትን እንቅስቃሴ ሁሉ ይዝለለው።

መርፌና ክር (ሐረር)

ልጄ፣ እኔም በዚሁ ሙያ 30 ዓመት ሆኖኛል። መጀመሪያ ወንበርህን እይ። ስትቀመጥ ጠረጴዛው ክርንህ አካባቢ ካልደረሰ አጎንብሰህ መዋልህ አይቀርም። ከፍ ዝቅ አድርገህ አስተካክለው፤ ካጠረህ ትራስ ጨምርበት። ሌላው፣ ሰዓት አትፈልግ። የታችኛው ክር ባለቀ ቁጥር ተነስ። እጅህን ወገብህ ላይ አድርገህ ቀስ ብለህ ወደ ኋላ ተለጠጥ። አምስት ጊዜ ተንፍስ። ከዚያ ክሩን ቀይረህ ተቀመጥ። እኔን ያቆየኝ ይሄ ነው።

የሳቢያን እናት (ድሬዳዋ)

ስለ ሐሳብ መሰብሰቡ እኔ ልንገርህ። ሁለት ልጆች አሉኝ። እዚህ ድሬ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ምንጣፍ ላይ መዘርጋት ዘበት ነው። ስለዚህ ገና ሳይነጋ ትንሽ እፍታታለሁ። ዋናው ልምምዴ ግን ቡና ነው። ስቆላ ስልኬን ሌላ ክፍል አስቀምጣለሁ። ፍሬው ሲንጣጣ እሰማለሁ፤ ሽታው ሲለወጥ ልብ እላለሁ። ሐሳቤ ወደ ትምህርት ቤት ክፍያ ሲሮጥ "ሄደ" እልና ወደ ምጣዱ እመልሰዋለሁ። መቶ ጊዜ ይሄዳል። ልምምዱ እሱን መቶ ጊዜ መመለስ ነው። መጀመሪያ አልሆነልኝም ብዬ አልቅሻለሁ፤ ቶሎ ተስፋ አትቁረጥ።

ይሄን ሐሳብን የመመለስ ልምምድ ወደ ሕክምና ያስገባው ጆን ካባት ዚን የተባለ አሜሪካዊ ነው። በ1979 (እ.ኤ.አ.) ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የማይለቅ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ጀመረው። ዛሬ የ8 ሳምንት ሥልጠና ሆኗል። አንተ ግን የስፌት መኪናህ አለችልህ። መኪና ግርግር የተባለው በድምፁ አይደል? የአንድ ቀሚስ ጠርዝ እስክትጨርስ ድምፁን ብቻ ስማ።

አቡ ሰሚር (ሐረር)

እኔ ሙስሊም ነኝ፤ እኛም ቤት ይሄው ጥያቄ ተነስቶ ነበር። እውነቱን አንሸፍን፤ ዮጋ ሕንድ ውስጥ ከሃይማኖት ጋር አብሮ ያደገ ነው። ቃሉ በሳንስክሪት መጥመድ፣ ማገናኘት ማለት ነው። ፓታንጃሊ የሚባለው ሊቅ ያስቀመጠው ሥርዓት 8 ክፍል አለው። ቪዲዮ ላይ የምናየው አቀማመጥ ከ8ቱ አንዱ ነው። ዜማና የሚደገም ቃል ያለበትን ተው። ማፍታታቱና መተንፈሱ ይበቃሃል።

እናትህ የሰጉት ስለሚወዱህ ነው። ተደብቀህ አትሥራ። ፊታቸው ሆነህ፣ የወገብ ስፖርት መሆኑን እያስረዳህ ሥራ። ካልረኩ አብራችሁ የነፍስ አባታችሁን ጠይቁ። እኔ ከሱብሂ ሰላት በኋላ መስገጃዬን አጥፌ አስቀምጥና ሌላ ምንጣፍ ዘርግቼ ነው የምሠራው።

የከዚራ ልጅ (ድሬዳዋ)

አቦ፣ ጫት ትቅማለህ? ከቃምክ ከበርጫ በኋላ አትሞክረው። እኔ ሞክሬ ልቤ እየመታ ትንፋሼን መግዛት አቃተኝ፤ እንቅልፍም አልወሰደኝም። ጠዋት አድርገው።

የጀጎል ሰፊ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አልፎ አልፎ እቅም ነበር፤ ጠዋት አድርጌዋለሁ። 10 ደቂቃዋን ሁለት ቀን ብቻ ነው የዘለልኩት። ወንበሬ ላይ ትራስ ጨመርኩ። ክሩ ሲያልቅ ስነሳ አጠገቤ ያለው ልጅም አብሮኝ መነሳት ጀምሯል። ወገቤ ጠዋት ላይ እንደ በፊቱ ግትር አይልም። እናቴ የነፍስ አባታችንን ጠየቀች፤ "ጸሎትህን ሳትተው ወገብህን አፍታታ" አሉኝ። አሁን እግር አልጋ ላይ መስቀሉን እሷም ትሠራለች፤ ማታ እግሯ ያብጥ ነበር። ድምፅ መስማቱ ግን ገና ነው፤ አንድ ጠርዝ ሳልጨርስ ኪራዩ ይመጣል። ማጅራቴም አልለቀቀኝም። ለእሱ ምን ላድርግ?

የድሬ ፊዚዮ

ደስ ብሎኛል። እናትህ እግራቸው የሚያብጠው በተደጋጋሚ ከሆነ ግን ይታዩ፣ ግፊታቸውንም ይለኩ። ለማጅራትህ ቀጥ ብለህ ተቀመጥና አንገትህን ሳታቀረቅር አገጭህን ወደ ኋላ ሳበው። 5 እስክትቆጥር ያዝ፣ ልቀቅ። 10 ጊዜ። ክሩን ለመቀየር ስትነሳ ጨምረው። የምትሰፋውንም ልብስ ወደ ዓይንህ አቅርበው እንጂ አንገትህን ወደ እሱ አትውሰድ። ከወር በኋላ ካልተሻለህ መጥተህ ልይህ።