የጀጎልን እሳት ሜዳ ላይ መለማመድ ይበቃል?

ጠያቂ፣ ሐረር፦
ስድስት የእሳት አደጋ ሠራተኞችን መምራት ከጀመርኩ ሁለት ወሬ ነው። እንቅልፍ የሚነሣኝ ጀጎል፣ በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ ነው። ዋናውን መንገድ ከለቀቁ በኋላ መኪና የማያሳልፉ፣ ሁለት ሰው ተጠጋግቶ የሚተላለፍባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። ልምምዳችን ግን ሁልጊዜ ሜዳ ላይ ነው። ከምን ልጀምር?

መልስ፣ ድሬዳዋ፦
ወንድሜ፣ ከእግርህ ጀምር። ቡድንህን ይዘህ ጀጎልን በቀን ዙር፤ መኪናው የት እንደሚቆም፣ ከዚያ ስንት ቱቦ እንደሚቀጠል በእርምጃ ለካ። ማታ ድገሙት። እኔ እዚህ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ሦስት ቱቦ ይበቃል ብዬ ገምቼ አራተኛው አስፈለገ። ልጁ ሮጦ እስኪያመጣው የጠበቅሁት ጊዜ ዛሬም ያመኛል።

ብቻውን የሚገባ ሰው አይኑር፤ ሁለት ሲገቡ ሁለት ታጥቀው ውጭ ይጠብቁ። በጀርባ የሚታዘለው የመተንፈሻ አየር እያለቀ መሆኑን የሚናገረው ማስጠንቀቂያ ሲጮህ መውጣት የሚጀምር ሰው ዘግይቷል፤ ሲጮህ ውጭ መገኘት አለበት። ጣሪያ ሥር ያለው ጭስ ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ክፍሉ በአንድ ጊዜ ሊነድ ይችላል፤ ጭስ ማንበብን አስተምራቸው። አንተ ደግሞ ቱቦ አትያዝ! መሪ ቱቦ ከያዘ ሁሉንም የሚያይ ዓይን የለም።

መልስ፣ የጀጎል ነዋሪ፦
የቆየ የሐረሪ ቤት ጣሪያ በእንጨት ወራጅ ላይ የተደለደለ አፈር ነው። እንጨቱ ከተቃጠለ ያ ሁሉ ክብደት ይወርዳል። እባካችሁ ከሥሩ አትቁሙ። ስትለኩ የእኛንም በር አንኳኩ፤ የውኃ ማጠራቀሚያ ያለበትን ቤት እናሳያችኋለን።

ጠያቂ፦
ጣሪያውን አላሰብኩትም ነበር። ቅዳሜ ጠዋት በሸዋ በር እንገባለን።