የኔታ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ያስተምሩ?

የታሪክ መምህሩ፣ ደብረ ብርሃን፦

ወገኖቼ፣ አንድ ነገር ሰሞኑን እንቅልፍ ነስቶኛል። ፍረዱኝ።

የማውቃቸው አንድ የቅኔ መምህር አሉ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ጉባኤ ዘርግተው አስተምረዋል። አምና አንድ የትምህርት ተቋም ጠራቸው። እዚያ ያሉት ተመራማሪዎች ማንበብ ያቃታቸው የብራና መጽሐፍ ነበር። የኔታ ሦስት ቀን ቁጭ ብለው አነበቡት፣ ተረጎሙት፣ የደበዘዘውን ቃል ከአገባቡ እያወጡ ሞሉት። የሦስት ቀን አበል ተሰጣቸው። ጥናቱ ሲወጣ ግን ስማቸው የለም። «አንድ የአካባቢው አባት እንዳስረዱን» ይላል፤ በቃ።

በዚያው ሰሞን የማስተማር ቦታ ማስታወቂያ ወጣ። የመካከለኛው ዘመን ታሪክና ግዕዝ ነው። ሁለተኛ ዲግሪና ከዚያ በላይ፣ የታተመ ጥናት ያለው ይላል። እሳቸው ማመልከት እንኳ አይችሉም።

ይኼ የሆነው ደግሞ እዚህ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ነው። ከተማችንን የቆረቆሯት አጼ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው፤ የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 ነው። ደብረ ሊባኖስ፣ ተጉለት፣ መንዝ፣ የዜና ማርቆስ ደብረ ብሥራት፣ ሁሉም የዚያ ዘመን ታሪክ የተሠራባቸው ቦታዎች ናቸው። ታዲያ ይኼን ዘመን ለማስተማር ዲግሪ የሌለው የቅኔ መምህር ወንበር ይገባዋል ወይስ አይገባውም? እኔ ይገባዋል ባይ ነኝ። ከነደመወዙ፣ ከነማዕረጉ።

የፊሎሎጂ ተማሪዋ፣ መሐል ሜዳ፦

ጋሼ፣ በአበሉም በስሙ መቅረትም እኔም አዝኛለሁ። ስማቸው መጻፍ ነበረበት። በወንበሩ ግን አልስማማም፤ ለዚያ የሚያበቃ ማስረጃ የላቸውም።

የምናገረው ከውጭ ሆኜ አይደለም። አባቴ የድጓ መምህር ነው። ቤታችን ግዕዝ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። በፊሎሎጂ፣ ማለት በጥንታዊ ጽሑፍ ምርመራ፣ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስጀምር ግን ግዕዝ ማወቅና መጽሐፍ መመርመር ሁለት የተለያየ ሙያ መሆኑ ገባኝ። የኔታ «ይኼ ቃል ምን ማለት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። እኔ የተማርኩት «ይኼ ቃል መጀመሪያ እንዲህ ተጽፎ ነበር ወይ?» ብዬ እንድጠይቅ ነው። አሥር ቅጂ ጎን ለጎን አስቀምጬ የቱ ከየቱ እንደተገለበጠ እፈልጋለሁ። ከፊደሉ ቅርጽ ዘመኑን እገምታለሁ። ትልልቁና ሞላ ያለው የጎንደር ዘመን ጉልሕ ጽሕፈት ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጽሕፈት ይለያል። በየገዳሙ ግን በጉልሕ የተጻፈ መጽሐፍ አውጥተው «የዘርዐ ያዕቆብ ነው» ሲሉኝ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! የሁለት መቶ ዓመት ስሕተት ነው እኮ።

ሌላም አለ። በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከሰማይ ታየ የሚባለውን፣ ከተማዋ ስሟን ያገኘችበትን የደብረ ብርሃንን ብርሃን ሁላችንም እናውቃለን። በንጉሡ ዜና መዋዕል እግዚአብሔር ንጉሡ ደቂቀ እስጢፋኖስን፣ ማለት የአባ እስጢፋኖስን ተከታይ መነኮሳት፣ በመቅጣታቸው መደሰቱን ያሳየበት ምልክት ነው። የታሪክ ሰው ብርሃኑን እ.ኤ.አ. በ1456 ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያስተያየዋል። ከዚያም አልፎ፣ የተቀጡት ራሳቸው በገድላቸው ምን ብለው ጻፉ ብሎ ይጠይቃል። እነሱ ዘንድ ንጉሡ አሳዳጅ ናቸው። ይኼን ጥያቄ ክፍል ውስጥ ማንሳት የሚችል መምህር ነው የምፈልገው።

የሸንኮራው፦

እህቴ፣ የደቂቀ እስጢፋኖስን ገድላት በአማርኛ እንድናነብ ያደረገን ማን ሆነና? ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። የሸንኮራ ልጅ! እ.ኤ.አ. በ1931 እዚሁ ተወልደው፣ ካይሮ ተምረው፣ ዶክትሬታቸውን ጀርመን ቱቢንገን ሠሩ። በኋላ ሚኒሶታ ባለው የሂል የብራና ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው ከኢትዮጵያ በማይክሮፊልም የተነሡትን መጻሕፍት ዘመናቸውን ሙሉ ሲመረምሩና ሲመዘግቡ ኖሩ። ወደ 9,000 የሚጠጋ መጽሐፍ ነው የተነሣው። እ.ኤ.አ. በ1988 የማክአርተርን ፌሎውሺፕ፣ ማለት ለሥራ የሚሰጠውን የአሜሪካ የገንዘብ ድጋፍ፣ አገኙ። ያ ፌሎውሺፕ ማመልከቻ የለውም። ሥራህን አይተው ነው የሚጠሩህ።

የሳቸው ጥንካሬ ሁለቱን ዕውቀት በአንድ ራስ መያዛቸው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ስንት አለን? ልጁ ቅኔ ቤት ከገባ የመንግሥት ትምህርት ያልፈዋል። የመንግሥት ትምህርት ከቀጠለ ግዕዝን በሃያ ዓመቱ ከሀሁ ይጀምራል። በአንድ ሰው ካላገኘነው ሁለት ሰው ጎን ለጎን እናስቀምጥ ነው የምለው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ ተስፋ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1548 እና 49 ሮም ላይ ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። ጣልያን ሬኔሳንስ በሚባለው የተሐድሶ ዘመን ላይ ነበረች፤ ማተሚያ ቤቱ፣ ሊቃውንቱ፣ ገንዘቡ ሁሉ እዚያ ነው። ተስፋ ጽዮን ግን ለአንባቢ ይቅርታ ይጠይቃሉ። ያተሙልን ማንበብ አይችሉም፣ እኛም ማተም አንችልም፤ ዕውር ዕውርን እንደሚመራ ተረዳዳን ይላሉ። ይኼን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። አንድ የሸዋ መነኩሴ ከአምስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የዛሬውን ክርክራችንን ጽፎልናል።

ጀርመናዊው ሊቅ ሉዶልፍስ? «የኢትዮጵያ ጥናት አባት» የሚባለው እሱ ነው። ከአማራ የሄዱት አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1652 ጎታ ድረስ ሄደው አጠገቡ ባይቀመጡ ኖሮ ያ ሁሉ መጽሐፍ ከየት ይመጣ ነበር? ሉዶልፍ ቢያንስ ስማቸውን ጽፏል።

የፊሎሎጂ ተማሪዋ፦

ወንድሜ፣ የተስፋ ጽዮን ይቅርታ እኮ የኔን ነው የሚደግፈው። አንባቢ አታሚ አይሆንም፣ አታሚም አንባቢ አይሆንም ነው ያሉት። አንዱን በሌላው ወንበር አታስቀምጡ።

ከፌሎውሺፕ የተመለሰው፣ አንኮበር፦

ከሁለታችሁም ሌላ ነገር ልጨምር። ዘጠኝ ወር አውሮፓ ለምርምር ቆይቼ ነው የመጣሁት። ነገሩ በውጭ እንዴት እንደሚሠራ ሳታውቁ መከራከር ልክ አይመስለኝም።

ፌሎውሺፕ ለማግኘት የምርምር ዕቅድ ትጽፋለህ። ሁለት ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። የታተመ ሥራህን ትልካለህ። ሁሉም በእንግሊዝኛ ወይ በሌላ የፈረንጅ ቋንቋ ነው። መወድስ የሚባለውን ረጅም ቅኔ መቀኘት ትችላለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የመካከለኛው ዘመን ሲባልም ብዙ ጊዜ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝ፣ ጣልያን ማለት ነው። ፍሎሬንስ ላይ ኢ ታቲ የሚባል የሃርቫርድ ማዕከል አለ፣ የጣልያንን ተሐድሶ ለሚያጠኑ የዓመት ድጋፍ ይሰጣል። የኢየሩሳሌም ገዳማችን መነኮሳት እ.ኤ.አ. በ1441 እዚያችው ፍሎሬንስ ለጉባኤ ደርሰዋል። ሮም የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የነሐስ በር ላይ ተቀርጸዋል። በሩ ፊት ቆሜ አይቻቸዋለሁ። እኛ በዚያ ታሪክ ውስጥ አለን። በማመልከቻው ውስጥ ግን የለንም ማለት ይቻላል።

እዚያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ቀን አንድ ገጽ ላይ ተጣበቅኩ። ሰዋስው አውቃለሁ፣ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አለ። አልፈታ አለኝ። ማታ ያደግሁበት ሰፈር ለሚኖሩ የኔታ ደወልኩ። አነበብኩላቸው። «ልጄ፣ ይኼማ ሰምና ወርቅ ነው፣ ቃሉን አትየው» ብለው በአምስት ደቂቃ ፈቱልኝ። በማግስቱ ያንን ገጽ ሳቀርብ ሁሉም አጨበጨበልኝ። ስማቸውን ተናግሬአለሁ፣ ይኼን ልመስክር። ያን ቀን ግን ፌሎውሺፑ ለሁለታችን እንደነበረ ነው የተሰማኝ።

እህቴ ስለ ጽሕፈት ዘመን ያልሽው ልክ ነው። እኔም ያንን የተማርኩት እዚያ ነው። ግን ተማሪዎቻችን ዘመን መለየት ችለው የተጻፈውን ካልገባቸው ምን ዋጋ አለው?

አንድ ነገር ልበል፤ ከዚያ እተዋለሁ። ካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ግዕዝ ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ሰው አዋጥቶ ነው የተከፈተው። ዘ ዊኬንድ የሚባለው አቤል ተስፋዬ ብቻውን 50,000 ዶላር ሰጥቷል። እዚያ አዋጥተው መምህር ቀጠሩ። ግዕዝ ከበላ ከጠጣበት ከሸዋ ግን ለአንድ መምህር የሚሆን ደመወዝ ጠፋ ስንባል ያመኛል።

መሪጌታው፣ ከገጠር፦

ልጆቼ፣ ስልኩን የሚያነብልኝ ተማሪዬ ነው፤ እሱው ይጽፍልኛል። የምትሉትን ሰማሁ። ሁላችሁም ደግ ተናገራችሁ።

ልጄ ከመንዝ፣ ማስረጃ የላቸውም የምትይው ትክክል አይደለም። እኛም ዘንድ ማስረጃ አለ። አንድ ሰው ዝም ብሎ መምህር አይባልም። ከአጭሩ ቅኔ ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ መወድስ እስኪሞላ ይቀኛል። አገባብ ይቀጽላል። ሌላ አገር ሄዶ ሌላ መምህር ዘንድ ይቀጽላል። በመጨረሻ መምህሩ ፊት ያስመሰክራል። ያላስመሰከረ ወንበር አይዘረጋም። ብዙ ዓመት ነው የሚፈጀው። የምንበላውም በአኮፋዳ ለምነን ነው፣ ውሻ እያባረረን። ዘመን መለየት አታውቁም ካልሽኝ እቀበላለሁ። ያንን አስተምሪኝ፣ እማራለሁ። ዕድሜዬ አያሳፍረኝም።

የፊሎሎጂ ተማሪዋ፦

የኔታ፣ ይማሩኝ። ማስመስከርን ረስቼው አልነበረም፤ አባቴም ያስመሰከረ ነው። በደብዳቤ ስላልተጻፈ እንደሌለ አድርጌ ተናገርኩ። ጥፋቴ ነው።

እንግዲህ ሐሳቤን ላስተካክል። የታሪኩን ወንበር የሚይዘው ምርምር የተማረ ሰው ይሁን፣ ከዚህ አልወርድም። የግዕዙና የምንባቡ ሥራ ግን ላስመሰከረ መምህር በሙሉ ማዕረግ ይሰጥ። በአበል አይሁን። ክፍል ሲገባ ሁለቱም አብረው ይግቡ። ተማሪው ሁለቱ ሲከራከሩ ይስማ።

የታሪክ መምህሩ፦

ይኼ ከጠየቅሁት ይበልጣል። አንድ ነገር ብቻ ይጻፍበት፦ ጥናት ሲታተም የሁለቱም ስም ከላይ ይውጣ፤ ግርጌ ላይ አይሁን።

የሸንኮራው፦

ደመወዙስ እኩል ነው? ማዕረግ ሰጥቶ ሩቡን መክፈል እንዳይመጣ።

የፊሎሎጂ ተማሪዋ፦

እኩል። ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው ከእኔ ያነሰ ሊከፈለው አይገባም።

መሪጌታው፦

የወንበሩን ነገር ሁላችሁ ተናገራችሁ። ጉባኤዬን ግን ማንም አላነሣም። እኔ ዘንድ ሃያ ሰባት ተማሪ አለ። ሌሊት ቅኔ ይቆጥራሉ፣ ጠዋት ይነግሩኛል፣ አርማለሁ። በሳምንት ሁለት ቀን ደብረ ብርሃን ከወረድኩ እነዚህን ማን ይሰማልኛል? ከተማው ሞልቶ ጉባኤው ከተፈታ የነገው መምህር ከየት ይመጣል? የኔ ፍርሃት ይኼ ነው። ደመወዙ አይደለም።

ከፌሎውሺፕ የተመለሰው፦

የኔታ፣ ተማሪዎቹን የሚያግዝልዎ አስነጋሪዎ አለ አይደል? እርስዎ በሌሉ ጊዜ እሱ ይስማቸው። ለእሱ የሚከፈለውም ከወንበሩ ጋር አብሮ ይታሰብ። ለውጭ ተመራማሪ የአውሮፕላን ትኬትና የቤት ኪራይ የሚችል ፌሎውሺፕ ለአንድ አስነጋሪ ቀለብና ልብስ ያንሰዋል ብዬ አላምንም። እኔ ለሚቀጥለው ዓመት የማስገባው ማመልከቻ ውስጥ በጀት ብዬ እጽፈዋለሁ። ስሙን ይላኩልኝ።

መሪጌታው፦

ይኼን የሚጽፍልህ እሱ ነው። አሁን እጁ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ስሙን ነገ ይልክልሃል።